ፊሽካ የነፋ ሰው በአማርኛ ምን ይባላል?

እንጀራዬ ማስተርጎም ነው። እዚህ ቨርጂኒያ ውስጥ ሆስፒታልም፣ ፍርድ ቤትም፣ የሥራ ቦታ ስልጠናም የተጠራሁበት ሁሉ እሄዳለሁ፣ እና በዚህ ሥራ ስንት ዓመት ስቆይ አንዳንድ ቃል ምላሴ ላይ ተጣብቆ አልወጣ ሲለኝ አዲስ ነገር አይደለም፣ ዞር ብዬ አብራርቼ አልፈዋለሁ። አንድ ቃል ግን አለ እስካሁን የሚያንገበግበኝ። ዊስልብሎወር። መሥሪያ ቤቱ ወይም አለቃው የሚሠራውን ጥፋት አይቶ አላስችል ብሎት ለሚመለከተው አካል ወይም ለሕዝብ የሚናገር ሰው ማለት ነው። ቃል በቃል ካየነው ፊሽካ ነፊ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። አንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ለሠራተኞች ስልጠና ነበር፣ አብዛኞቹ ሠራተኞች የኛ ሰዎች ናቸው፣ በተለይ ሴቶች። አሰልጣኟ ስላይዷን እያሳየች "ጥፋት አይታችሁ ብታመለክቱ ዊስልብሎወር ናችሁ፣ ሕጉ ይጠብቃችኋል፣ ሊያባርሯችሁ አይችሉም" ስትል እኔ ሳላቅማማ "ጠቋሚ" ብዬ ተረጎምኩት። ምን ላድርግ፣ ያገራችን ሕግ ራሱ እኮ የሚለው እንደዛ ነው፣ ስለ ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ የወጣው አዋጅ ቁጥር 699/2003 ላይ ያለው ቃል ነው። ትክክል ነኝ ብዬ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር ላልፍ ስል ፊት ለፊት የተቀመጡ፣ ስልሳን የተሻገሩ፣ ሁሉም ሰው እትዬ የሚላቸው ሴትዮ የቡና ኩባያቸውን ቀስ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና "ልጄ፣ እኔ ጠቋሚ አይደለሁም" አሉኝ። "ጠቋሚ ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ።"

ቤቱ ጸጥ አለ። አሰልጣኟ ምን አሉ ብላ ትጠይቀኛለች፣ እኔ ምን ብዬ ልተርጉምላት።

እረፍት ላይ አጠገባቸው ሄጄ ቁጭ አልኩ። 1970 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ ቀይ ሽብር። የሰፈሩን ወጣት ቀበሌ ግቢ ውስጥ አሰልፈውት አንድ ፊቱን የተሸፈነ ሰው፣ ዓይኑ ብቻ የሚታይ፣ ሰልፉን እያየ ይሄዳል፣ አይናገርም፣ ጣቱን ብቻ ይቀስራል። የተቀሰረበት ይወጣል። ታላቅ ወንድማቸው ላይ ቀሰረ። ከዛ በኋላ ያለውን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም።

እና ልብ ብላችሁ እዩት፣ ጠቆመ ማለት ጣት መቀሰር ነው እኮ። ቃሉ ራሱ ክፋት የለውም፣ መንገድ ጠቆመኝ እንላለን፣ ሥራ ጠቆመኝ እንላለን፣ ማኅበር ውስጥ እጩ ይጠቆማል። ግን "ጠቋሚ" ብለህ ስም ስታደርገው በዛ ዘመን ለኖረ ሰው ያ ጣት ነው የሚመጣበት። ሕግ አርቃቂዎቹ ይሄን ሳያስቡት ቀርተው ነው አልልም፣ ሌላ ቃል ስላጡ ይመስለኛል፣ እኔም ሳጣ ነው ያየሁት።

ያን ቀን ማታ ቤቴ ገብቼ ቁጭ ብዬ ቃል ስቆጥር አመሸሁ። አጋላጭ? ጋዜጦች ይወዱታል፣ እኔም ለትንሽ ጊዜ ይሻላል ብዬ ነበር፣ ግን እሱም ከዛው ዘመን ነው የመጣው፣ "ማጋለጥ" የሚባለው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰው ራሱንም ጓደኛውንም እንዲያጋልጥ ይጠየቅ ነበር፣ ያንን ስብሰባ የተቀመጠ ሰው አጋላጭ ስትለው ምን እንደሚሰማው ይታያችሁ። አሳባቂ? ይሄ ልጅ ሆነን እርስ በርስ የምንሰዳደብበት ነው። ጆሮ ጠቢ ሰላይ ነው። ምስጢር አውጪ ካልከው ጥፋተኛው የተናገረው ሰውዬ ሆነ እንጂ የሰረቀው አይደለም። አንድ በአንድ ስታያቸው ቋንቋችን ከላይ ላለው ስለ ታች ላለው ወሬ የሚያቀብልን ሰው የሚጠራበት ስም ሞልቶታል፣ ከታች ሆኖ ስለ ላይኛው እውነት የሚናገረውን የሚያከብር ስም ግን የለውም ብዬ አዘንኩ። ምሳሌያዊ አነጋገሩም ያው ነው፣ ዝም አይነቅዝም፣ ጎመን በጤና። ይሄ ሕዝቡ ፈሪ ስለሆነ አይደለም፣ የተናገረ ምን እንደሚደርስበት ስላየ ነው።

አንድ ነገር ግን ትዝ አለኝ፣ አፈርሳታ። አውጫጭኝም ይሉታል። ድሮ አንድ አገር ውስጥ ስርቆት ወይም ግድያ ተፈጽሞ ማን እንዳደረገው ሳይታወቅ ሲቀር ነዋሪው ሁሉ አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ ወንጀለኛው እስኪታወቅ ወደ ቤት መሄድ የለም፣ እርሻው ከብቱ ይቆየው ነው፣ ሁሉም እየማለ ያየውን የሰማውን ይናገራል። በግልጽ ለመናገር የሚፈራ ደግሞ በምስጢር ይናገራል፣ ይሄ ስሙ የማይነሳ ነጋሪ "ወፍ" ነበር የሚባለው። ወፍ! እንዴት ደስ የሚል ቃል ነው፣ ጣት የለውም፣ በርሮ ይሄዳል። ግን ወፏም የምትናገረው ስለ ጎረቤት ነው፣ ስለ ገዢው አይደለም፣ እና ለኔ ጉዳይ አልሆነችኝም።

እሺ፣ እንግሊዝኛውስ ንጹህ ሆኖ ነው እንዴ የተወለደው? እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገርመው፣ አልነበረም። አሜሪካኖችም ለተናጋሪ ሰው ያላቸው ስም ከኛ የባሰ ነው፣ አይጥ ይሉታል፣ ስኒች ይሉታል። በሰው ላይ ፊሽካ ነፋ ማለትም መጀመሪያ ላይ ከነዚህ ብዙ የራቀ አልነበረም፣ አሳልፎ ሰጠው፣ አስያዘው እንደማለት ነው፣ የክህደት ሽታ ነበረው።

ፊሽካው ራሱ ከሁለት ቦታ ነው የመጣው። አንደኛው ፖሊስ ነው። የለንደን ፖሊሶች በፊት እርዳታ ሲፈልጉ የሚያንኳኩት ከእንጨት የተሠራ መንኳኳቻ ነበራቸው፣ በ1880ዎቹ ነው የበርሚንግሃሙ ጆሴፍ ሃድሰን በሠራው ፊሽካ የተተካው። ሁለተኛው የስፖርት ዳኛ ነው፣ ውስጡ ትንሽ ኳስ የምትንከባለልበትን የዳኛ ፊሽካም ሃድሰን ነው የሠራው። የፖሊሱ ፊሽካ "ድረሱልኝ" ይላል፣ የዳኛው "ቁም፣ ጥፋት አለ" ይላል። እኛ ጋ ደግሞ ፊሽካ የሚለውን ከጣሊያንኛ ወሰድን፣ ኳስ ሜዳ ላይ የሚነፋውንም፣ ችሎት ላይ የሚቀመጠውንም በአንድ ስም ዳኛ ብለን ጠራን። ይሄ ለኔ ትልቅ ነገር ነው፣ ፊሽካ የሚነፋው ሰው አሳባቂ ሳይሆን ዳኛ የሆነበት ቋንቋ አለን ማለት ነው፣ ግን "ፊሽካ ነፊ" ብዬ ብጽፈው አንባቢው የሚያየው ትራፊክ ፖሊስ ነው፣ አልሞከርኩትም።

የእንግሊዝኛውን ቃል አጥቦ ያነጻው ሰው ግን በስም ይታወቃል፣ ራልፍ ናደር ነው። የሊባኖስ ስደተኞች ልጅ፣ ጠበቃ። በ1965 እ.ኤ.አ. ስለ መኪና ደህንነት መጽሐፍ ጽፎ ጄነራል ሞተርስ መርማሪ ቀጥሮ የግል ሕይወቱን ሲያስቆፍርበት ተደረሰበት፣ የኩባንያው ፕሬዚዳንት በ1966 ሴኔት ፊት ቀርቦ ይቅርታ ጠየቀ። እንግዲህ ናደር መጽሐፉን ትክክለኛ ያደረጉት ውስጥ ሆነው የሚያውቁ ኢንጂነሮች እንደሆኑ ስለገባው፣ እና እነዚህ ሰዎች አይጥ ተብለው ሥራቸውን እንደሚያጡ ስላየ፣ ጥር 30 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ላይ ጉባኤ ጠራ፣ በሚቀጥለው ዓመት በመጽሐፍ ወጣ፣ ርዕሱም ያው ፊሽካ መንፋት የሚል ነው። ትርጉሙን እንዲህ አስቀመጠው በራሴ አባባል፣ የሕዝብ ጥቅም ከሚሠራበት ድርጅት ጥቅም ይበልጣል ብሎ አምኖ፣ ድርጅቱ ሙስና ወይም ማጭበርበር ወይም ሕገወጥ ወይም ጎጂ ነገር ውስጥ መግባቱን በይፋ የሚናገር ወንድ ወይም ሴት። በይፋ የምትለዋን ያዙልኝ።

ጊዜውም ቃሉን የሚጠብቅ ነበር። ኧርነስት ፊትዝጀራልድ የሚባል የአየር ኃይል ሲቪል ሠራተኛ በ1968 ኮንግረስ ፊት ቀርቦ ሲ ፋይቭ የተባለው የጭነት አውሮፕላን ዋጋ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር አልፎ እንደሄደ ተናገረና ሥራውን አጣ። ከጉባኤው 4 ቀን በኋላ ደግሞ፣ የካቲት 3 ቀን 1971፣ ስለ ፖሊሶች ጉቦ ሲናገር የነበረው የኒውዮርኩ ፖሊስ ፍራንክ ሰርፒኮ ብሩክሊን ውስጥ ፊቱ ላይ ተተኮሰበት፣ አብረውት የነበሩት ባልደረቦቹ እርዳታ እንዳልጠሩለት ነው የሚናገረው። የዛው ዓመት ሰኔ ላይ ዳንኤል ኤልስበርግ ያወጣው የቬትናም ጦርነት ምስጢራዊ ሰነድ ኒውዮርክ ታይምስ ላይ መታተም ጀመረ። ሰርፒኮ ግን ዊስልብሎወር የሚለውን ቃል አይወደውም፣ እሱ ለራሱ የመረጠው መብራት የሚያበራ ሰው የሚለውን ነው። በራሱ ደም የከፈለበትን ነገር በራሱ ቃል መጥራት መብቱ ነው፣ እኔም ይሄን ሳነብ እትዬን አሰብኳቸው።

ድርጊቱ ከቃሉ በጣም ይቀድማል ደግሞ። አሜሪካ ገና ነፃነቷን እየተዋጋች በነበረበት ጊዜ 10 መርከበኞች አዛዣቸው ኢሴክ ሆፕኪንስ የተማረኩ እንግሊዞችን እንደሚያሰቃይ ለኮንግረስ አመለከቱ፣ ጠላቶቻቸው እኮ ናቸው ምርኮኞቹ! አዛዡ ስም አጠፉብኝ ብሎ ከሰሳቸው፣ ሁለቱ ሮድ አይላንድ ውስጥ ታሰሩ፣ ከእስር ቤት ሆነው እንደገና ለኮንግረስ ጻፉ። ሐምሌ 30 ቀን 1778 ኮንግረሱ በሙሉ ድምፅ እንዲህ ያለ ጥፋት ያየ ሰው ሁሉ ቶሎ የማሳወቅ ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ፣ የጠበቃቸውንም ወጪ ከፈለላቸው። ከዛ በ1863 በሊንከን ጊዜ ነጋዴዎች ለጦሩ ባሩድ ብለው ሰጋቱራ ሲሸጡ፣ የታመመ በቅሎ ሲሸጡ፣ ይሄን ያጋለጠ ከሚመለሰው ገንዘብ ግማሹን ይወስዳል የሚል ሕግ ወጣ፣ ሕጉ ዛሬም አለ፣ ድርሻው አሁን ከ15 እስከ 30 በመቶ ነው። ሁለቱም ሕጎች ሲወጡ ቃሉ አልነበረም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ጠዋት ከቦሌ የተነሳው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302 በ6 ደቂቃ ውስጥ ቢሾፍቱ አካባቢ ወደቀ። 157 ሰው። ያን ቀን የት እንደነበርን ሁላችንም እናስታውሳለን፣ እኔ መኪና ውስጥ ነበርኩ፣ ዳር ይዤ ቆሜ ስልክ ስደውል ነው የዋልኩት። ከሟቾቹ አንዷ የ24 ዓመት አሜሪካዊት ወጣት ነበረች፣ የራልፍ ናደር የእህቱ የልጅ ልጅ። ቃሉን ለሌሎች ሰዎች ጋሻ ያደረገው ሰውዬ ራሱ በስተርጅናው ቢሾፍቱ መሬት ላይ የእህቱን የልጅ ልጅ አጣ ማለት ነው። ይሄን ሳውቅ በጣም ነው የከበደኝ።

ምክንያቱም አውሮፕላኑን በሠራው በቦይንግ ውስጥም ፊሽካ የነፋ ነበር። ኤድ ፒርሰን ይባላል፣ ዋሽንግተን ስቴት ሬንተን ያለው የ737 ፋብሪካ ውስጥ ሲኒየር ማናጀር ነበር። ሰኔ 2018 እ.ኤ.አ. ለፕሮግራሙ ኃላፊ ኢሜይል ጻፈ፣ ሠራተኛው ደክሟል፣ ጥድፊያው በዝቷል፣ ስህተት እየተፈጠረ ነው፣ እስኪስተካከል ምርቱን አቁሙት አለ፣ ቤተሰቤን ቦይንግ ላይ ለማሳፈር እያመነታሁ ነው እስከማለት ደረሰ። አላቆሙትም። ጥቅምት ላይ የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር 189 ሰው ይዞ ወደቀ፣ ከ5 ወር በማይሞላ ጊዜ ውስጥ የኛው። እውነቱን ለመናገር ፒርሰን የጻፈው ስለ ፋብሪካው ሁኔታ ነው፣ ለሁለቱም አደጋዎች ዋናው ምክንያት የሆነው ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ደግሞ የዲዛይን ጉዳይ ነው፣ ስለዚህ ቢሰሙት አውሮፕላኑ አይወድቅም ነበር ብዬ አልጽፍም። ግን አንድ ሰው አቁሙ ብሎ ሲጮህ የቆመለት አለመኖሩ፣ ይሄ ነው የሚያቃጥለው። የዳኛ ፊሽካ ሲነፋ ጨዋታው ይቆማል፣ የሠራተኛ ፊሽካ ሲነፋ ጨዋታው ይቀጥላል።

ሌሎች ቋንቋዎች ምን አደረጉ ብዬም አየሁ። ፈረንሳዮች ማስጠንቀቂያ የሚያሰማ እንደማለት "ላንሰር ዳለርት" አሉት። እስራኤል ያላችሁ ታውቁታላችሁ፣ በዕብራይስጥ "ሆሴፍ ሽሂቱዮት" ነው፣ ሙስናን ገላጭ። ደቾች ደግሞ "ክሎከንላውደር" አሉት፣ ደወል ደዋይ! ይሄ ልቤን ነካው፣ ምክንያቱም ደወል እኛ ጋ ክፉ ስም የለውም፣ ሌሊት የተኛ ሰው የሚቀሰቀስበት ነው፣ ማንም ደወል የደወለውን ዲያቆን ለምን ቀሰቀስከኝ ብሎ አይከስም። "ደወል ደዋይ" ብዬ ለጥቂት ጓደኞቼ ላክሁት፣ ግማሾቹ ወደዱት፣ ግማሾቹ ግጥም ነው የሚመስለው፣ ቅጽ ላይ አይሆንም አሉኝ። ልክ ናቸው።

በነገራችን ላይ እዚህ አገር የምትሠሩ ሰዎች ይሄን እወቁት፣ አረጋውያን የምትንከባከቡ ከሆነ መናገር መብት ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌደራል ሕግ ነርሲንግ ሆም ውስጥ የሚሠራ ሰው በአረጋዊው ላይ ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ ከጠረጠረ ከባድ ጉዳት ካለ በ2 ሰዓት፣ ከሌለ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ማመልከት አለበት ይላል። ስለ ሥራ ቦታ ደህንነት ተናግራችሁ ከተበቀሏችሁ ደግሞ የሥራ ቦታ ደህንነትን ለሚቆጣጠረው የፌደራል መሥሪያ ቤት ለኦሻ ለማመልከት ያላችሁ ጊዜ 30 ቀን ብቻ ነው፣ ልጆቼ ፈተና ላይ ናቸው፣ ትንሽ ልረፍ ስትሉ ያልፋል።

የመንከባከቢያውን ፖስተር እንደገና ስተረጉም ጠቋሚን አወጣሁት። "በሥራ ቦታ ጥፋት አይቶ ለሚመለከተው የተናገረ ሠራተኛ" ብዬ ጻፍኩ። ዲዛይነሩ ሁለት መስመር ፈጀብኝ፣ ቦታ የለም አለ። ፎቶውን አሳንሰው አልኩት።

ከዛ ሦስት ወር ቆይቶ እትዬ ደወሉልኝ። ሌላ ሥራ ጋም ደርበው ሌሊት ይሠሩ ነበር፣ እዛ አንዲት መናገር የማይችሉ አሮጊት አሉ፣ በየ2 ሰዓቱ ጎናቸው መገላበጥ አለበት፣ ወረቀቱ ላይ ተገላበጡ ተብሎ ሰዓቱ በደረሰ ቁጥር ይፈረማል፣ የሚገለብጣቸው ግን የለም። ጀርባቸው ቆስሏል። "ቁስሉን ሳጥብ አጥንት የማይ መሰለኝ" አሉኝ። ለኃላፊዋ ነግረዋል፣ ሁለቴ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም፣ ስቴቱ ጋ ስደውል አብረሽኝ ሁኚ አሉ፣ ሄድኩ፣ ወጥ ቤታቸው ውስጥ ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን ቁጭ አልን። ያነሳችው ሴትዮ መጀመሪያ የጠየቀችው ስምዎ እንዲደበቅ ይፈልጋሉ ወይ ብላ ነው፣ መብትዎ ነው አለች። ተረጎምኩላቸው።

እትዬ ትንሽ አሰቡ። "ያ ሰውዬ ፊቱን ሸፍኖ ነበር" አሉ በአማርኛ፣ ለኔ ነው። ከዛ "ስሜን ጻፊ በያት።"

ስማቸውን ፊደል በፊደል አስጻፍኩላት፣ የአባታቸውንም፣ የአያታቸውንም ጭምር።